አርባ ቁልፍ፣ አንድ ዶማ

አንድ ጓንጉል የሚባል ነጋዴ ነበር። የሚኖረው ከትልቅ ጋራ ሥር በተቆረቆረች፣ አንኳር በምትባል የጨው ገበያ ከተማ ነው። አንኳር በገበያ ቀን ሺህ ሰው ይርመሰመስባታል። ገበያው ሲበተን ዳሱና በረቱ ባዶ ይሆንና የሚያድርባት የአርባ ሁለት ቤት ሰው ብቻ ነው። አርባ ሁለቱም ቤት ከድንጋይ የተሠራ፣ አንዱ የሌላውን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ነው። በዚያ ዘመን በአንኳር ቤት መግዛት እንደ ዋዛ የሚሞከር ነገር አልነበረም። አንዱ ቤት አሥር በቅሎ ያወጣል፤ እሱም የሚሸጥ ከተገኘ ነው።

ከተማዋ አንድ የቆየ ሥርዓት ነበራት። ከቤቶቹ ጀርባ፣ ከጋራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ገደል የሚሸኝ ረጅም ቦይ አለ። ቦዩ በአርባ ሁለት ድርሻ ተከፍሏል፤ ክረምት ሳይገባ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድርሻ ይጠርጋል። የመጥረጊያው ዶማ ከየቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ለሌላ ሥራ አይነካም። ቤት ሲሸጥ ሻጩ በቀኝ እጁ ቁልፉን፣ በግራ እጁ ዶማውን ይዞ የበሩ ደፍ ላይ ይቆማል። ገዥው ሁለቱንም ካልተቀበለ ሽያጩ አልጸናም ይባላል። ይህን የሚቆጣጠሩት የቦዩ ዳኛ አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እናንተም ይህችን ዶማ እንዳትረሷት፤ ጓንጉል ረስቷት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ ነው።

ከአንኳር በሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ሁለት ባላባቶች በአንድ የውኃ ጉድጓድ ተጣሉ። ሰኞ ዕለት ሁለት ሰው ሞተ ተባለ። ሐሙስ ሁለት መቶ ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ደግሞ ጦሩ በአንኳር በኩል ያልፋል የሚል ወሬ ደረሰ። "ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" ይባል የለ፤ የአንኳር ሰው ግን ለማሰብ ጊዜ አላገኘም። ወሬውም ባዶ አልነበረም። በማግስቱ ከድንበር የተፈናቀሉ ሰዎች እግራቸው እየደማ በከተማዋ መሐል ሲያልፉ ሁሉም አየ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጣል?

ያን ሳምንት አንኳር ቀፎው እንደተነካ ንብ ሆነች። አንዱ እህሉን ይቀብራል፣ ሌላው አልጋውን ነቅሎ በር ላይ ያቆማል፣ ሌላው የሚጭንበት እንስሳ ፍለጋ በረት ለበረት ይሮጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ በእግር ተራራ አይወጣም፤ በከተማዋ ደግሞ በቅሎ ያለው አንድ ሰው ነው። ጓንጉል የጨው ሲራራ ነጋዴ ነበርና በረቱ ውስጥ ሃምሳ ያህል በቅሎዎች አሉት።

ደላላው ታረቀኝ ይህን ከማንም ቀድሞ አሰበው። እየሮጠ መጣና ትንፋሹ ሳይመለስ፣ "ጓንጉል፣ የአንተ ቀን ወጣ። ከላይ በኩል ያለው ባለቤት ቤቱን በሦስት በቅሎ ይሰጣል" አለው።

"በስንት?"

"በሦስት። ትናንት አሥር የሚያወጣውን። ነገ ደግሞ በሁለት አመጣልሃለሁ።"

ጓንጉል ልጅ ሳለ አባቱ ያቺን አንዲት ቤታቸውን ለመግዛት ዐሥራ አራት ዓመት ጨው ሲጭን እንደኖረ ያውቃል። እነሆ ዛሬ ከተማው በሙሉ በሩን ከፍቶ ውሰደኝ ይለዋል። መጀመሪያ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ አማቱ አገር ሰደዳቸው፤ የራሱን ቤተሰብ ከአደጋ ማራቅ ግን አልረሳም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወገቡን ታጥቆ ግዢውን ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን በሦስት በሦስት በቅሎ ገዛ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከጋራው ወዲያ ጭስ ታየ፤ ዋጋው አንድ በቅሎ ሆነ። እሱም ታረቀኝም እንቅልፍ አጡ፤ ሲበሉ እንኳ ቆመው ነበር። አንዱ ሻጭ ደፉ ላይ ሳለ ሌላው ከኋላው ተሰልፏል። ጓንጉል ቁልፉን በቀበቶው ያንጠለጥላል፤ ዶማውን ግን ጓሮው ውስጥ ወርውሮት ወደሚቀጥለው በር ይሮጣል።

በአራተኛው ቀን ጓንጉል ከአያ ይመር ቤት በር ላይ ደረሰ።

"አያ ይመር፣ እርስዎም ይሽጡልኝ። ለሌላው አንድ ነው የምሰጠው፤ ለእርስዎ ሁለት አደርገዋለሁ።"

"ሄጄ የት እደርሳለሁ ብለህ ነው ልጄ? እኔ እዚሁ ነኝ። አንተስ ለምን አትሄድም?"

"ጦርነት ያልፋል፤ ቤት ይቀራል። ይህን ያወቀ ነው የሚከብረው።"

"ቤት የሚቀረው ጎረቤት ሲቀር ነው" አሉት። "ለመሆኑ ያ ሁሉ ዶማ የት ገባ?"

"ጓሮ አለ፣ አይጠፋም" አለና ቸኩሎ ሄደ።

የመጨረሻዋ ሻጭ እትዬ ዘሀራ ነበረች። ዘሀራ የከተማዋ አዋላጅ ናት፤ የጓንጉልን ሦስት ልጆች የተቀበለችው እሷ ናት። ቤቷም ከእሱ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ወሬው ሲነዛ አልሄድም ብላ ነበር፤ በኋላ ግን አልጋ ላይ የዋለች እናቷን ስታይ ጨነቃት። እሷ ስትመጣ በበረቱ ውስጥ የቀረችው አንዲት በቅሎ ብቻ ነች፤ እሷም የፊት እግሯን ታነክሳለች።

"ጓንጉል፣ ይህች እኮ አንካሳ ናት።"

"እትዬ ዘሀራ፣ ጦር ሲመጣ የምታነክስ ትሻላለች ወይስ የሌለች?"

ዘሀራ ወደ ቤቷ ተመልሳ ደፏ ላይ ቆመች፤ በቀኝ እጇ ቁልፉን፣ በግራዋ ዶማውን ዘረጋችለት። ቁልፉን ተቀበለና ፊቱን ሊያዞር ሲል፣ "ይህንንም ያዝ እንጂ፤ ቤቱ ያለሱ አይቆምም" አለችው። ሳቅ ብሎ ተቀበላትና ከክምሩ ላይ ጣላት። እናቷን ጭና ስትወጣ አንካሳዋ በቅሎ ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቋ እያለች ሄደች። ጓንጉል ያን ድምፅ እንዳይሰማ ቁልፎቹን መቁጠር ጀመረ። አርባ ነበሩ።

ከተማው ባዶ ሲሆን አዲስ ሥጋት መጣበት። አርባ ቤት ለሌባ ክፍት ነው። የሚነዱት በቅሎ ስለሌለ ነጂዎቹ ተበትነዋልና የሚጠብቅለት ሰው የለም። ያኔ ነው ከሁሉ የከፋውን ጥፋት ያጠፋው። የከተማዋ ብረት ቀጥቃጭ ዕቃውን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል ያዘውና አርባውን ዶማ እያጋለ፣ እየቀጠቀጠ አርባ የበር መቀርቀሪያ እንዲያደርግለት አስገደደው። ክንድ የሚያክል፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ መቀርቀሪያ በየበሩ ተገጠመ። አያ ይመር መጥተው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። ጓንጉል ግን በሩን ሁሉ እየገፋ ሲሞክረው ደስታው ለከት አልነበረውም።

ጦሩ ግን አልመጣም። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ሽማግሎች መሐል ገብተው ባላባቶቹን አስታረቁ፤ ጉድጓዱን በተራ ሊቀዱ ተስማሙ። ወሬውን ይዞ የመጣው ታረቀኝ ነው። ከሩቅ ነጠላውን እያውለበለበ፣ "ሰላም ወርዷል! ዋጋው ተመለሰ!" እያለ ገባ። ጓንጉል ገበያው መሐል ወጥቶ እስክስታ ወረደ። አርባ ጊዜ አሥር በቅሎ ስንት እንደሆነ እያሰበ ወረደ። የሚያጨበጭብለት አንድ ታረቀኝ ብቻ ነበር፤ አንድ ባለቤት አልባ ውሻም ይጮህበታል።

የተሰደደው ሕዝብ ሰላሙን ሲሰማ እየተንጋጋ ተመለሰ። ግን ቤቱ የእሱ አይደለምና ከከተማዋ ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ላይ ድንኳን ጥሎ ሰፈረ። ዘሀራን መልእክተኛ አድርገው ላኳት።

"ጓንጉል፣ በቅሎዎችህን ይዘን መጥተናል። ውሰድና ቤታችንን መልስልን።"

"ያ የጭንቅ ቀን ዋጋ ነበር፤ ዛሬ ሌላ ነው። ለእናንተ ስል በስምንት በቅሎ አደርገዋለሁ።"

"ስምንት ከየት እናመጣለን? ያለን ያንተው ነው።"

"እንግዲያው ሌላ ገዥ ይመጣል" አለ ጓንጉል። ዘሀራም ወደ ጉብታው ተመለሰች።

ጓንጉል እንዳለውም ታረቀኝ ከሌላ አገር አንድ ሀብታም ገዥ ይዞ መጣ። ሰውዬው ከቤት ቤት እየዞረ ድንጋዩን ዳሰሰ፣ ጣራውን አየና ደስ አለው። ከዚያ፣ "በቀኝ በኩል ጎረቤቴ ማነው?" ሲል ጠየቀ።

"ጓንጉል" አለ ታረቀኝ።

"በግራስ?"

"ጓንጉል።"

"ከዚያ ወዲያስ? ልጄ ቢታመም ማንን እጠራለሁ? እሳት ቢጠፋብኝ ከማን ቤት እጭራለሁ?"

ታረቀኝ ዓይኑን ወደ ጉብታው ጣለ። ሰውዬው በቅሎውን ጭኖ በመጣበት ተመለሰ። ሁለተኛውም ገዥ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆኑ። አርባ ቤት ያለው ሰው አንዲት ቤት መሸጥ አቃተው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰኔ ገባ።

አያ ይመር ማልደው መጡ። ትከሻቸው ላይ የራሳቸውን ዶማ ይዘዋል። "ጓንጉል፣ ሰማዩን አየኸው? የእኔን ድርሻ ጠርጌያለሁ። ያንተን ጥረግ።"

"የእኔንማ ትናንት ጠረግሁ፤ አባቴ የተወልኝ ዶማ አለች።"

"እሱ አንዱ ነው። አርባው የማነው?"

ጓንጉል ይህን ከቶ አስቦት አያውቅም ነበር።

"ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ ለአንድ ሰው ሸክሙ ሲባል አልሰማህም?" አሉት አያ ይመር። "ቤቱን ሁሉ ስትወስድ ቦዩንም ሁሉ ነው የወሰድከው።"

ለሁለት ቀን ብቻውን ቆፈረ። አርባው ድርሻ በድንጋይና በደለል ተደፍኗል። ስድስተኛው ድርሻ ላይ ሲደርስ መዳፉ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ጋራው ጠቆረ፤ ከዚያ ዝናብ ሳይሆን ሰማዩ ራሱ ወረደ። ውኃው ቦዩ ውስጥ ገባና የተደፈነው ጋ ሲደርስ ገንፍሎ ወደ ቤቶቹ ዞረ። ከላይ በኩል ያለው የመጀመሪያው ቤት ወገቡን ተመታና ተናደ። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ ናቸው ብያችኋለሁ፤ አንዱ ሲወድቅ ቀጣዩን ይዞት ወደቀ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጓንጉል በአንዲት ዶማ ወዲህና ወዲያ ይራወጣል። አርባው ቁልፍ ከወገቡ ላይ እየተንቀጫቀጨ ጭኑን ይመታዋል። አባቱ ዐሥራ አራት ዓመት የለፋባት ቤት ከሥር በኩል ነች፤ ናዳው ቤት እየቆጠረ ወደ እሷ ሲመጣ ያያል። ያኔ ዶማውን ጣለና ፊቱን ወደ ጉብታው አዙሮ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

"የጎረቤት ያለህ! የጎረቤት ያለህ!"

ጉብታው ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዱ፣ "ቤቱ የራሱ ነው፤ ጎርፍ ይውሰደው" አለ። ሌላውም፣ "በስምንት በቅሎ ያድነው" ብሎ ሳቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም እዚያ ብኖር እንደነሱ ማለቴ አይቀርም ነበር። ዘሀራ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ነበር።

"የት ልትሄጂ ነው?" አሏት።

"እኔ የሸጥኩት ቤቴን ነው፤ ጆሮዬን አልሸጥኩም" አለችና ቁልቁል ወረደች።

አንድ ሰው ተከተላት። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ጉብታው በሙሉ ተነቅሎ ወረደ፤ ሴቱ ወንዱ፣ ገሚሱ ድስት ይዞ፣ ገሚሱ የድንኳን ካስማ ነቅሎ፣ ገሚሱ ባዶ እጁን። ደላላው ታረቀኝ እንኳ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አካፋ የሚመስል ነገር ይዞ ይሮጥ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ማንም ሳይነግረው በቀጥታ የገዛ ድርሻው ላይ ሄዶ ቆመ። ከአባቱ ጋር የጠረገውን ስፍራ ማን ይረሳል? ግን ደለሉ በእጅ አይነሳም።

"ዶማችን የት አለ?" አለች ዘሀራ።

ጓንጉል በእጁ ወደ በሯ አመለከተ። በሯ ላይ የተገጠመውን መቀርቀሪያ አየችና ገባት። ጓንጉል ራሱ ሮጦ መቀርቀሪያውን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ነቅሎ ሰጣት። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር ሮጠ። በር ለበር እየነቀለ ያቀብላል፣ ሰዉ እየተቀበለ ይቆፍራል። ሌባ እንዳይገባ የገጠመውን ሁሉ በገዛ እጁ ነቀለው። ሁሉም በር ወለል ብሎ ቀረ። አያ ይመር በዝናቡ መሐል ቆመው "ግፋ፣ ያዝ፣ በርታ" እያሉ ያስተባብራሉ፤ አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ይቀበላል። ጎርፉ አንዴ ተንገዳገደ። ከዚያ ቦዩን አገኘና እያጓራ ወደ ገደሉ ዞረ። ሰዉ ሁሉ ጭቃ እንደለበሰ ተቃቀፈ፤ ያን ቀን ማን ማንን እንዳቀፈ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሲነጋ ተቆጠረ። ዐሥራ አንድ ቤት ፈርሷል። ከነዚያም አንዱ የጓንጉል የራሱ ነው፤ ጎርፉ ከላይ ሳይሆን በጓሮ በኩል ዞሮ አገኘው። የዘሀራ ግድግዳ ግን ቆሟል።

ጓንጉል ጭቃው ሳይደርቅለት ከዘሀራ ደፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ያየዋል። ቁልፏን በቀኝ እጁ ዘረጋላት፤ ግራ እጁ ባዶ ነበር።

"አያ ይመር፣ ዳኛው እርስዎ ነዎት" አለ። "ገዥ ዶማውን ካልተቀበለ ሽያጩ ይጸናል ወይ?"

"አይጸናም።"

"እንግዲያው እኔ አልተቀበልኩም። በእጄ ይዤ ጣልኩት እንጂ አልተቀበልኩም። የማንንም ቤት አልገዛሁም።"

አያ ይመርም፣ "ጸድቋል" አሉ። ታረቀኝ፣ "የእኔ የድለላ ድርሻስ?" ሊል አፉን ከፈተና የሰዉን ዓይን አይቶ ዘጋው።

ዘሀራ ቁልፏን ተቀበለች። ከዚያ ወደ ጉብታው ሄዳ በቅሎዋን እየሳበች መጣች። ጓንጉል ድንጋዩ ላይ የምትረግጥበትን ድምፅ አዳመጠ። ያ ቀጭ ቋ የሚለው አልነበረም። በስደት ላይ ሳለች ዘሀራ በየማታው እግሯን እያሸች፣ በቅጠል እያሰረች አድናታለች። በቅሎዋ አታነክስም ነበር።

"ያንተው ናት፣ ያዝ" አለችው። "ቤትህ እስኪሠራ ድረስም ከእኔ ጓዳ ትተኛለህ። ግድግዳው እንደሆነ የጋራችን ነው።"

ጓንጉል የበቅሎዋን ልጓም ይዞ አለቀሰ። በማግስቱ ቀጥቃጩን አስጠራና መቀርቀሪያዎቹን ሁሉ መልሶ ዶማ አስደረጋቸው።

ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው ያለኝን ልንገራችሁ። ጭንቅ ሲመጣ ቤት ይረክሳል፤ ይህ የትም አገር ያለ ነው። የሚረክሰው ግን ድንጋዩ ተበላሽቶ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ሰው ፈርቶ ነው። ዋጋ የሚሰጠውም ድንጋዩ አይደለም፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ነው። ጎረቤቱን በጭንቁ ቀን ያባረረ ሰው ቤት ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ የተቆለፈ ባዶ ቦታ ነው የሚተርፈው።

ዛሬም በአንዳንድ ከተማ ወሬ ሲናፈስ "በአስቸኳይ የሚሸጥ" የሚል ቃል በየአጥሩ ይለጠፋል። ስልካችሁን አንሥታችሁ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ቁልፉን በቀኝ እጃችሁ ስትቀበሉ፣ በግራ እጃችሁ የምትቀበሉትን አይታችኋል? ጎርፉ ሲመጣስ ከጉብታው ላይ የሚወርድላችሁ ማን ነው?